ባሱ ሲጋጭ የት ነበር የተቀመጡት?

ጥያቄው፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሐዋሳ ስትመጣ የተሳፈረችበት ባስ አርሲ ነገሌን እንዳለፉ ቆሞ የነበረን ተሳቢ ከኋላ ገጨ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ በመተላለፊያው በኩል ነበር የተቀመጠችው። ቀበቶ አልነበረውም። ሰዎች እጅና እግሯን ይዘው አወጧት፤ ከዚያ ግን በእግሯ ሄዳለች። እዚያው አካባቢ ራጅ ተነስታ ‹ስብራት የለም› ተባለች። የሕመም ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክ፣ ተወግታ መጣች። ዛሬ 6ኛ ቀኗ ነው። ግራ ጉልበቷ አብጧል፤ ደረጃ ስትወርድ ይከዳታል። ከትናንት ወዲህ ደግሞ ግራ ጎኗን እና ግራ ትከሻዋን ያማታል። አክስቴ ‹ብርድ ነው፣ ወጌሻ ይሻት› ትላለች። እኔም በየ15 ቀኑ ወደ ሐዋሳ እመላለሳለሁ። ለመሆኑ ባስ ላይ የቱ ጋ መቀመጥ ይሻላል? ምን ይመክሩናል?»

እህቴ፣ ይህን እንዳነበብሽ ስልኩን አስቀምጪና እናትሽን ዛሬውኑ የቀዶ ጥገና ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ውሰጂያቸው። ነገ አትበይ። የቀረውን እዚያ ተራ ስትጠብቂ ታነቢዋለሽ።

ያስቸኮለኝ ጉልበታቸው አይደለም፤ ትከሻቸው ነው። በአደጋው ጊዜ ትከሻቸውን የመታው ነገር እንዳለ አልጻፍሽም። ሳይመታ፣ በ5ኛው ቀን፣ ከግራ ጎን ጋር አብሮ የጀመረ የግራ ትከሻ ሕመም ለእኛ ለሐኪሞች የሚያስደነግጥ ምልክት ነው። መጀመሪያ የምናስበው ጣፊያን ነው።

ጣፊያ በግራ በኩል፣ ከታችኞቹ ጎድን አጥንቶች ሥር ተሸሽጎ የተቀመጠ፣ በደም የራሰ ስፖንጅ የሚመስል አካል ነው። ጎን ሲመታ ይሰነጠቃል። አንዳንዴ ወዲያው ይደማል፤ ሰውየውም እዚያው ይወድቃል። አንዳንዴ ግን ደሙ በጣፊያው ስስ ሽፋን ውስጥ ታቁሮ ይቆያል። ከቀናት በኋላ፣ አልፎ አልፎም ከሳምንታት በኋላ ሽፋኑ ይቀደዳል። የፈሰሰው ደም ከሳንባ በታች ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ይቆጠቁጠዋል። የዚህ ጡንቻ ነርቭ የሚነሳው ከአንገት ነው፤ የትከሻ ስሜትም በዚያው መስመር ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ሕመሙ ያለው ሆድ ውስጥ ሆኖ ሳለ ሰውየው «ትከሻዬን» ይላል። ጠፍጣፋ አልጋ ላይ ሲተኙ የሚብስባቸው ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ንገሪው።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ አካባቢ የወባ አገር ነው። አዳማም፣ መቂም፣ ባቱም። ወባ የደጋገመው ሰው ጣፊያው ያብጣል፤ ያበጠ ጣፊያ ደግሞ በትንሽ ምት ይሰነጠቃል። እናትሽ በዚህ ዓመት ወባ ታመው ከነበር ይህንንም ንገሪ። ማንም ላይጠይቅሽ ይችላል።

በር ላይ ግፊታቸው ተለክቶ «ጥሩ ነው» ቢባል እንዳትመለሺ። ጤነኛ ልብ ደም ሲጎድልበት ፈጥኖ እየመታ ግፊቱን ይዞ ይቆያል። የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ቁልጭ ብሎ የሚወርደው ከጠቅላላው ደም ወደ 30 በመቶ ገደማ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ከግፊቱ በፊት የሚናገረው የልብ ምት ነው። አርፈው ተቀምጠው በደቂቃ ከ100 በላይ የሚመታ ከሆነ፣ ሲነሱ ዓይናቸው የሚጨልም ከሆነ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላባቸው፣ ውሃ ውሃ ካሰኛቸው፣ ጊዜ የለም።

እዚያ ስትደርሱ የሆድ አልትራሳውንድ ጠይቂ። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ካለ ያሳያል። አልትራሳውንዱ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ካልለቀቀ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። እኔ ከሩቅ ሆኜ ጣፊያ ነው ብዬ አልፈርድም። የጎድን አጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ ስስ ስንጥቅ በመጀመሪያው ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ቢሆንም ይህ ከጣፊያው በኋላ የሚታሰብ ነው። ጣፊያቸው ቢሰነጠቅ እንኳ ተስፋ አትቁረጪ። ደሙ ከቆመና ልብ ምታቸው ከተረጋጋ ብዙው ሰው ቢላ ሳያርፍበት፣ አልጋ ላይ ሆኖ በክትትል ይድናል።

ዳይክሎፌናክ ግን ከዛሬ ጀምሮ አይውሰዱ። የደም መርጋትን ያዳክማል፤ ሕመሙንም ይሸፍነዋል። እስኪታዩ ድረስ ፓራሲታሞል ይበቃል።

አሁን ወደ ጉልበታቸው ልመለስ። ባስ ተጋጭቶ የመጣ ሰው ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የት ነበር የተቀመጥከው?» ነው። የት ያምሃል የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ወንበሩ ጉዳቱን ይነግረኛል።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባስ ሲጋጭ ባሱ ይቆማል። ያልታሰረው ሰው ግን በዚያው 60 ይቀጥላል። የሚያቆመው የፊቱ ወንበር ነው። ይህ ፍጥነት ከ14 ሜትር ከፍታ፣ ከ4ኛ ፎቅ ገደማ፣ መሬት ላይ ከመውደቅ ጋር እኩል ነው። ተቀምጦ ያለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚቀድመው ጉልበቱ ነው። ጉልበቱ የፊቱን ወንበር ጀርባ ይመታል፤ ቀጥሎ ደረቱ፣ ቀጥሎ ፊቱ።

አንድ ወጣት አስታውሳለሁ። ሁለቱም ጉልበቶቹ ላይ የወንበሩ ብረት እንደ ማኅተም ታትሞባቸው ነበር። ጣት የሚያህል ሰማያዊ ሰንበር፣ ቀጥ ያለ፣ ከግራው ጉልበት ወደ ቀኙ በአንድ መስመር የሚገጥም። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። የጉልበቱ ሎሚ ደህና ነበር። ዳሌው ግን ከኋላ ወልቋል። እግሩ አጥሮ፣ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ጉልበቱ ታጥፎ ነበር የመጣው። ምቱ ከጉልበቱ ገብቶ፣ በጭኑ አጥንት ተጉዞ፣ ዳሌው ላይ ነው የወጣው። እንዲህ ያለ ውልቃት በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተመለሰ የጭኑ አጥንት ጫፍ ደም እያጣ የመሞት ዕድሉ ይጨምራል። እሱ በሰዓቱ ደረሰ። ዛሬ ይራመዳል።

የእናትሽ ዳሌ አልወለቀም፤ ቢወልቅ መራመድ ባልቻሉ። ግን ብሽሽታቸው ላይ ሕመም ካላቸው የዳሌውን ጎድጓዳ አጥንት ስንጥቅ ለማየት የዳሌ ራጅ ይነሱ። የመጀመሪያው ራጅ የጉልበት ብቻ ከነበረ ዳሌውን ማንም አላየውም ማለት ነው። ይህን ስንፍና አልለውም፤ ሕመምተኛው የሚያሳየው ያበጠውን ነው፣ ባለሙያው የሚያነሳውም የታየውን።

ደረጃ ሲወርዱ የሚከዳቸው ጉልበት ግን አብዛኛውን ጊዜ የጅማት ነገር ነው። ጉልበት ውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ የቅልጥሙን አጥንት ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ጅማት አለ። የወንበር ብረት ቅልጥሙን ከፊት ሲመታው ያ ጅማት ይበጠሳል። ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን አያሳይም። «ስብራት የለም» የተባሉት እውነት ነው፤ ግን የተጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። ጥሩ ሐኪም በጀርባቸው አስተኝቶ፣ ጉልበታቸውን አጥፎ፣ ከጎን ብቻ ያያል። ጅማቱ ከተበጠሰ ቅልጥሙ ከጤነኛው ጋር ሲነጻጸር ወደ ኋላ ሰጠም ያለ ነው። ብቻውን የተበጠሰ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና አይፈልግም። በድጋፍ እና የፊት ጭን ጡንቻን በሚያጠነክር ፊዚዮቴራፒ ይስተካከላል። ወራት ይፈጃል። ይህን ቀድመው ቢያውቁት ይሻላል፤ በ3ኛው ሳምንት «አልዳነም» ብለው ተስፋ የሚቆርጡ ብዙ እናቶች አይቻለሁ።

ስለ ወጌሻው። አክስትሽን አትቆጫት። እኔም ልጅ ሆኜ እግሬ ወለም ሲለኝ ታሽቼ ነው ያደግኩት። ግን ሁለት ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ። የመጀመሪያው፣ ሆዳቸውንና ጎናቸውን ማንም እንዳያሽ። የታቆረ ደም ያለበት ጣፊያ በእጅ ግፊት ሊፈነዳ ይችላል። ሁለተኛው፣ ያበጠ እግርን በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር አይገባም።

11 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነበር። የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ክንዱ ተሰበረ። ንጹሕ ስብራት ነበር፤ ጄሶ ይበቃው ነበር። ቀርከሃው ዙሪያውን ተደርድሮ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። ሌሊቱን ሲያለቅስ «ሲያመው መዳኑ ነው» ተባለ። በ3ኛው ቀን ማልቀሱን አቆመ። ቤተሰቡ ተሻለው ብሎ ደስ አለው። የቆመው ግን ነርቩ ስለሞተ ነው። በ5ኛው ቀን ሲያመጡት ጣቶቹ ጠቁረው፣ ደርቀው፣ ጥፍሮቹ ከሥጋው ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ነበራቸው። ከክርኑ በታች ቆረጥን። ስለዚህ የታሰረ እጅ ወይም እግር ላይ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ሲዘረጋ ሕመሙ ከበረታ ማሰሪያው በዚያው ደቂቃ ይፈታ። ማን እንዳሰረው አይታይም። የእኛም ጄሶ ቢሆን እንዲሁ ነው።

አሁን አንቺ የት ትቀመጪ?

ከሁሉ የከፋው ሞተሩ ላይ እና መተላለፊያው ላይ በዱካ መቀመጥ ነው። ረዳቱ «እዚህ ጋ ጠጋ በይ» ሲልሽ እሺ አትበይ፤ የሚቀጥለውን ባስ ጠብቂ። ዱካ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያቆመው ወንበር የለም፤ የሚያቆመው የፊት መስታወቱ ነው። የመጨረሻው ረድፍ መካከለኛ ወንበርም እንደዚያው ነው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ። ፊት ለፊቱ ወንበር የለም፤ ባዶ መተላለፊያ ነው። ከዚያ ተነስቶ እስከ ባሱ ወገብ ድረስ የተወረወረ ሰው አክሜያለሁ።

የኋላ ወንበር ሌላም ጣጣ አለው። ባሱ ምንም ሳይጋጭ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ በጥድፊያ ሲወጣ የኋላው ተሳፋሪ ይነሳና ቁጭ ይላል። አጥንታቸው የሳሳ እናቶች በዚያች አንድ ዝላይ አከርካሪያቸው ይሰበራል። «ወገቤን ቀጭ አደረገኝ» ይላሉ። ቤት ገብተው ሳምንት ይተኛሉ፤ ብርድ ነው ተብሎ ቅቤ ይቀባል። ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ቲኬት ስትቆርጪ ከፊትና ከኋላ ጎማ መካከል ያለውን ወንበር ያዢላቸው።

ለአንቺም የምመርጥልሽ እዚያው መካከል ነው። ከተቻለ በቀኝ በኩል፤ እኛ አገር ከፊት የሚመጣው መኪና በግራ ስለሚያልፍ፣ ተሳቢ ሲገጭ ብዙ ጊዜ የሚገሽልጠው የግራውን ጎን ነው። ክንድሽን በመስኮት አታውጪ። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ፈጣን መንገድ ሁለቱን አቅጣጫ ስለሚለይ ፊት ለፊት ግጭቱን ይቀንሳል። ፍጥነቱ ግን ሌላ ነገር ያመጣል፦ ጎማ ይፈነዳል፣ ባስ ይገለበጣል። ሲገለበጥ ያልታሰረ ሰው በመስኮት ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ባሱ ራሱ ላዩ ላይ ይወድቃል። ከባስ ውጭ የተገኘ ሰው በሕይወት ሲመጣልኝ እምብዛም አላየሁም።

ለዚህ ነው ቀበቶ ያለበትን ባስ ፈልጊ የምልሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ቀበቶ የተሳፋሪን የሞት አደጋ እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ ይናገራል። ባሶቻችን ላይ ቀበቶው አንዳንዴ አለ፤ ወንበሩ ሥር ተወሽቆ አቧራ ጠጥቷል። እጅሽን ሰደሽ አውጪው። ሰው ቢስቅብሽም እሰሪው። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ከሆነ ሆድሽ ላይ ሳይሆን ዝቅ አድርገሽ የዳሌሽ አጥንት ላይ አሳርፊው። ሆድ ላይ የተቀመጠ ቀበቶ አንጀት ይቀድዳል። ለነፍሰ ጡርም ያው ነው፤ ከሆዷ በታች። ነፍሰ ጡር ባስ ውስጥ ከተመታች ደግሞ ምንም ባያማትም ትታይ፤ እንግዴ ልጁ ያለ ደም ምልክት ከማሕፀኑ ሊላቀቅ ይችላል።

ሕፃን ማቀፍ ማሰር ማለት አይደለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝነው ልጅ እቅፍሽ ውስጥ 140 ኪሎ ይሆናል። የትኛዋም እናት አትይዘውም። ለልጁ የራሱ ወንበርና ቀበቶ ካለ፣ ለብቻው አስቀምጠሽ እሰሪው። ከራስሽ በላይ ያለውንም ተመልከቺ። የማር ጀሪካን ከላይ ወድቆበት የራስ ቅሉ የተሰነጠቀ ሰው አክመናል። ባሱ ራሱ ግን ምንም አልደረሰበትም ነበር።

እናትሽን እጅና እግር ይዘው አወጧቸው ብለሻል። ሰዎቹ ከልባቸው ነው የረዱት፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን አንገቱ ወይም ወገቡ የተሰበረ ሰው እንደ ጆንያ ሲነሳ፣ እስከዚያ በቦታው የቆየው አከርካሪ እዚያው ሊንሸራተትና እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል። እሳት ወይም ጎርፍ ከሌለ የሚተነፍሰው ሰው ባለበት ይቆይ፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይያዝለት። የሚደማውን በነጠላ ጫን ብሎ መያዝ ይሻላል፤ ጉሎ ቅጠል ወይም ቡና አይነስንሱበት። ውሃ አያጠጡት፤ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ባጃጅ ውስጥ አጣጥፎ መውሰድ ለተሰበረ ጭን ትልቅ ጥፋት ነው፤ አንድ የጭን አጥንት ስብራት ብቻ ከ1 ሊትር በላይ ደም ያፈስሳል፤ ሲታጠፍ ደግሞ ይብሳል። ሌላ መኪና ከሌለ ሁለቱን እግር አንድ ላይ አስሮ፣ ፒክአፕ ላይ አጋድሞ መውሰድ ይቻላል።

ጎረቤት «እንኳን ተረፉ» ለማለት መምጣቱ አይቀርም። ቡናው ይፈላ፤ ግን አንቺ ለብዙ ሳምንታት ዓይንሽን ከእናትሽ ላይ አታንሺ። በተለይ ጭንቅላታቸው ወንበር መትቶ ከሆነ። በዕድሜ የገፋ ሰው አእምሮ ዙሪያ ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብ ደም ብዙ ጊዜ ከ2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ ነው የሚገለጠው። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካስመለሳቸው፣ ቀን ቀን እንቅልፍ ከበዛባቸው፣ ንግግራቸው ከተሳሰረ፣ ከአንድ እጃቸው ኩባያ ከወደቀ፣ «ድንጋጤው ነው» አትበሉ። አስፒሪን ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ይህ ሁሉ ይበልጥ ይፈጥናል። መስታወት የቆረጣቸው ቦታ ካለ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰዳቸውንም አረጋግጪ።

እንቅልፍ እየነሳቸው፣ ሌሊት የፍሬን ድምፅ እየሰሙ የሚባንኑ ከሆነም ይህ የጉዳቱ አካል ነው፤ እንደ ሌላው ሕመም ለሐኪም ይነገር። ብዙ ሰው ያፍርበታል። ወር ካለፈው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ይገባል።

ከወረቀት አንድ ብቻ ልበልሽ። የትራፊክ ፖሊሱን ማስረጃ፣ የመጀመሪያውን ራጅ ፊልም እና ማንኛውንም ደረሰኝ ሰብስበሽ ያዢ። በሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ መሠረት በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው በማንኛውም ጤና ተቋም አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። ገንዘብ አስይዙ ብለው ካቆሟችሁ ይህን ጥቀሺላቸው።

አዳማ ውስጥ የቀዶ ጥገና ክፍል ያለው የመንግሥት ሆስፒታል ከፈለግሽ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ አለ። በእግራቸው እንዳያስሄጃቸው፤ ኮንትራት ያዢ፣ ጋደም ብለው ይሂዱ። ከአሁን ጀምሮ ምግብ አይቅመሱ። አልትራሳውንዱ ምን እንዳለ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ማታም ቢሆን አያለሁ።